ወገብ የሰበረው ሥራ በመዝገብ ላይ «ቀላል» ሲባል

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 56 ነው። በቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን በአንድ ሆቴል ክፍል በማጽዳት 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ላውንድሪ እመደብ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ለሁለት ዓመት ያህል ማታ ማታ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቼ ትቼዋለሁ። የወገቤ ዲስክ ተንሸራቷል፣ የሁለቱም ጉልበቶቼ አጥንት ተበልቷል ተብያለሁ። ሐኪሜ ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳላነሣ ጻፈልኝ፤ ሆቴሉ ላይት ዲዩቲ (ቀለል ያለ ምደባ) የለንም ስላለኝ ከአራት ወር ወዲህ ቤት ነኝ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ግን ደካማ ነው። አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ካልሄድሽ ዲሴቢሊቲ አይሰጡሽም ይለኛል፤ ጓደኛዬ እንግሊዝኛ አለመቻልሽ ይጠቅምሻል ትላለች፤ ባለቤቴ ደግሞ 62 ዓመት እስኪሞላሽ ታገሺና ጡረታሽን ውሰጂ ይላል። የቱን ልስማ?»

ሦስቱም የመከሩዎት በቅን ልብ ነው፤ ሦስቱም ግን ተሳስተዋል። ከሦስቱ ብዙ የሚያስከፍልዎት የባለቤትዎ ምክር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በ1960 እና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው በሶሻል ሴኩሪቲ (ጡረታና የአካል ጉዳት ክፍያ የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት) ሕግ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። በ62 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ከሙሉ ክፍያው 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ ቅናሹም 67 ሲሞላው የሚነሣ ሳይሆን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሮት የሚሄድ ነው። በአካል ጉዳት የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ዲሴቢሊቲ የሚሉትን፣ ግን ይህ ቅናሽ አይነካውም። ለማሳያ ያህል ሙሉ ክፍያዎ በወር 1,600 ዶላር ቢሆን፣ በ62 ዓመትዎ የሚያገኙት 1,120 ዶላር ሲሆን በአካል ጉዳት የሚያገኙት 1,600 ዶላር ነው፤ 67 ዓመት ሲሞላዎት ክፍያው ስሙን ወደ ጡረታ ይለውጣል እንጂ መጠኑ አይወርድም። በዚህ ላይ ሥራ ሳይሠሩ የሚቀመጡባቸው ስድስት ዓመታት ገቢ የሌለባቸው ዓመታት ሆነው ወደ ጡረታው ስሌት ሊገቡና መጠኑን ይበልጥ ሊያሳንሱት ይችላሉ፤ የአካል ጉዳት ውሳኔ ያገኘ ሰው ግን ያልሠራባቸው ዓመታት ከስሌቱ ይወጡለታል።

ከገንዘቡም የሚብስ ነገር አለ። የአካል ጉዳት ክፍያው ከደመወዝዎ ሲቆረጥ በኖረው ግብር የተገዛ መድን ነው፤ እንደ ማንኛውም መድን ደግሞ የሚያበቃበት ቀን አለው። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው መድኑ የሚጸናለት፣ በጠቅላላው በቂ ዓመታት ከመሥራቱ በተጨማሪ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አምስቱን ዓመት ሠርቶ ሲገኝ ነው። ሥራ ሲያቆሙ ይህ ቆጠራ ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራልና ሳያቋርጥ የሠራ ሰው መድን ሥራ ካቆመ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ያልቃል። ስለዚህ 62 እስኪሞላዎት ጠብቀው ያን ጊዜ ሐሳብዎን ቢለውጡ፣ ዛሬ እንደማይችሉ ሳይሆን ከዓመት ከምናምን በፊት፣ መድኑ ሳያልቅ እንደማይችሉ በነበሩት የሕክምና ወረቀቶች ማሳየት ይጠበቅብዎታል። ገንዘብ የለኝም ብሎ ሐኪም ቤት መሄድ ላቆመ ሰው ይህ የሚሆን ነገር አይደለም። በዚህ መንገድ መብታቸውን ያጡ፣ ጉዳታቸው ግን ጥርጥር የሌለው ሰዎች በየጊዜው ይገጥሙኛል፤ አብዛኞቹ «አገሬው እንዳይታዘበኝ» ብለው ወይም እንደ እርስዎ «ትንሽ ልታገሥ» ብለው የቆዩ ናቸው።

የጓደኛዎ ምክር መሠረት የሌለው አይደለም፤ ጊዜው ያለፈበት ነው። እስከ ኤፕሪል 27፣ 2020 ድረስ በእንግሊዝኛ መግባባት አለመቻል በሕጉ ውስጥ ራሱን የቻለ የትምህርት ደረጃ ነበር፤ ለምሳሌ ከ50 እስከ 54 ዓመት ያለ፣ ያልሠለጠነ ሥራ ብቻ የሠራና እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ቀላል ሥራ ለመሥራት አቅም ቢኖረው እንኳ ክፍያው ይፈቀድለት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ቀርቷል። አሁን የሚታየው በየትኛውም ቋንቋ ማንበብና መጻፍ መቻልዎና ስንተኛ ክፍል መድረስዎ ስለሆነ በአማርኛ የተማሩት 12ኛ ክፍል እንደ 12ኛ ክፍል ይያዛል። ማመልከቻው ላይ «አልተማርኩም» ብለው ይጻፉ የሚል ምክር ከሰሙ እንዳይቀበሉት። ሐሰት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደማሳየው በእርስዎ ዕድሜ 12ኛ ክፍል መጨረስዎ የሚጎዳዎት ነገር የለም።

የተሽከርካሪ ወንበሩ ነገር የመጣው ሕጉ ራሱ ጥብቅ ስለሆነ ይመስለኛል። ሕጉ አካል ጉዳት የሚለው በሕክምና የተረጋገጠ ሕመም፣ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ሊቆይ የሚችል፣ ሰውየውን ማንኛውንም በቂ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዳይሠራ የሚያደርግ ሲሆን ነው፤ በቂ ገቢ የሚባለው በ2025 በወር 1,620 ዶላር ነበር። «ማንኛውንም ሥራ» የሚለው ቃል እንደ ተጻፈ ብቻ ቢወሰድ በእውነትም ለብዙ ሰው በሩ የተዘጋ በሆነ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ ዕድሜን፣ ትምህርትንና የሥራ ልምድን እንዲያይ ስለሚያዝ፣ ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡ ሥራዎችን በሚጠይቁት ጉልበት ይከፍላቸዋል፦ ተቀምጦ የሚሠራና ከ10 ፓውንድ የማይበልጥ የሚነሣበት፤ ቀላል፣ ይኸውም አልፎ አልፎ እስከ 20 ፓውንድ የሚነሣበትና ከስምንቱ ሰዓት ስድስቱን ቆሞ ወይም እየተራመዱ የሚሠራ፤ መካከለኛ፣ እስከ 50 ፓውንድ የሚነሣበት፤ ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከሕመምዎ በኋላ የቀረልዎት አቅም ከእነዚህ የትኛው ላይ እንደሚወድቅ ይወስንና ከዕድሜዎ ጋር ያገናኘዋል።

የዕድሜው ወሰን 50፣ 55 እና 60 ነው፤ ለእርስዎ ትልቁ 55 ነው። ያልሠለጠነ የጉልበት ሥራ ሲሠራ የኖረ፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰና ለቀላል ሥራ የሚሆን አቅም የቀረው የ54 ዓመት ሰው በሠንጠረዡ መሠረት ሌላ ቀላል ሥራ ይፈልግ ተብሎ ይከለከላል። ያው ሰው፣ በዚያው ወገብና በዚያው ጉልበት፣ 55 ሲሞላው ቀድሞ ወደሚሠራው ሥራ መመለስ የማይችል እስከ ሆነ ድረስ አካል ጉዳተኛ ይባላል። ልዩነቱ የተደረገው በዚያ ዕድሜ አዲስ የሥራ ዓይነት መልመድ እንደሚከብድ ታስቦ ነው። አቅምዎ መካከለኛ ነው ከተባለ ግን በእርስዎ የትምህርት ደረጃ 56 መሆንዎ አያድንዎትም። የሐኪምዎ «ከ20 ፓውንድ በላይ አታንሺ» የሚለው ቃል ትልቅ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ ከመካከለኛው አውጥቶ ወደ ቀላሉ ያስገባዎታል።

በነገራችን ላይ፣ በወረቀት ያለው ዕድሜ ከእውነተኛው የሚያንስ ሰው በእኛ ዘንድ ጥቂት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የሚያየው የወረቀቱን ነው፤ ለማስለወጥ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚቀበለው ሰውየው አምስት ዓመት ሳይሞላው የተመዘገበ የልደት ወይም የክርስትና ማስረጃ ነው። እርስዎ በወረቀትም 56 ከሆኑ ይህን ጉዳይ ይለፉት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ከላይ «ቀድሞ ወደሚሠራው ሥራ መመለስ የማይችል እስከ ሆነ ድረስ» ያልሁትን ልብ ይበሉ፤ የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ እናቶች ጉዳይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ወደ ቀድሞ ሥራዎ መመለስ ይችሉ እንደሆነ ሲመረምር ሥራውን በሁለት መንገድ ያየዋል፤ አንደኛው እርስዎ በተጨባጭ እንደ ሠሩት፣ ሁለተኛው በአገሪቱ ውስጥ በአጠቃላይ እንደሚሠራው ነው። ከሁለቱ በአንዱ መሥራት ይችላሉ ከተባለ ጉዳይዎ እዚያው ያበቃል፤ ወደ ዕድሜው ሠንጠረዥ እንኳ አይደርስም። «በአጠቃላይ እንደሚሠራው» ለሚለው መለኪያው ደግሞ የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ያሳተመውና ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው በ1991 የሆነ የሥራ ዓይነቶች መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ የሆቴል ክፍል ማጽዳት የተመደበው የት እንደሆነ ያውቃሉ? «ቀላል ሥራ» ከሚባለው ውስጥ ነው።

ፍራሽ ከፍ አድርጎ አንሶላ መወተፍ፣ ፎጣ የተቆለለበትን ጋሪ በወፍራም ምንጣፍ ላይ መግፋት፣ ገንዳ ውስጥ ተንበርክኮ መፈግፈግ ከ20 ፓውንድ የማይበልጥ ጉልበት ይጠይቃል ብሎ የጻፈው ሰው አንድ ቀን እንኳ እንዳልሠራው ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ እስኪለወጥ ድረስ ያለን እሱ ነው። ውጤቱም አስገራሚ ነው። ሐኪምዎ «እስከ 20 ፓውንድ ታንሣ» ብሎ መጻፉ በሠንጠረዡ የሚያድንዎት ሲሆን፣ በመዝገቡ ግን «እንግዲያውስ የቀድሞ ሥራዋን መሥራት ትችላለች» ለማለት ምክንያት ይሆናል። ክልከላው ሲደርሳቸው «በአጠቃላይ እንደሚሠራው» የምትለዋን ሐረግ ሳያስተውሉ፣ ሕመሜን አላመኑኝም ብለው አልቅሰው የሚመጡ ብዙ ናቸው። አለማመን አይደለም፤ ሥራቸው በተሳሳተ ስም ተመዝግቦ ነው።

ከዚህ የሚያወጡዎት ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱን በጥያቄዎ ውስጥ ሳያስቡት ጽፈውታል። «በሳምንት ሁለት ቀን ላውንድሪ እመደብ ነበር» ብለዋል። አንድ ሰው የሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ዋና ዋና ተግባር አጣምሮ በአንድ ቅጥር ሲሠራ ከኖረ፣ ያ ሥራ ጥምር ሥራ ይባላል፤ ጥምር ሥራ በመዝገቡ ውስጥ አቻ ስለሌለው «በአጠቃላይ እንደሚሠራው» ተብሎ ሊመዘን አይችልም፤ የሚመዘነው እርስዎ በተጨባጭ እንደ ሠሩት ብቻ ነው። የላውንድሪ ሠራተኝነት ደግሞ በመዝገቡም መካከለኛ ሥራ ነው፤ እርጥብ አንሶላ የሞላ ከረጢት ከማጠቢያ ወደ ማድረቂያ ያዘዋወረ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። ስለዚህ የሥራ ታሪክ ቅጹ ላይ «የሆቴል ጽዳት» ብለው በሁለት ቃል እንዳያልፉት።

ቅጹን ስንሞላ ከደንበኞቼ ጋር የማደርገውን ልንገርዎት። አንድ ቀን ብቻ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ እንዲተርኩልኝ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ «ያው ጽዳት ነው» ይላሉ። ስንት ክፍል? አሥራ አምስት። ከእነዚያ ውስጥ እንግዳ የለቀቃቸው ስንት ናቸው፣ እንግዳው ያለባቸውስ? የለቀቁት አሥር። በእያንዳንዱ ስንት አልጋ? ሁለት። እንግዲህ በአንድ ቀን የሚነጠፈው የለቀቁት ክፍሎች አልጋ ብቻ ሃያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍራሹን በአራት ማዕዘን ያነሣሉ፤ ሲያነሡ ጎንበስ ብለው፣ አንዱን እጅ ከሥር አስገብተው ነው፤ ይህ ሰማንያ ጊዜ ነው። ሶፋ አልጋ ሲኖር ይጎተታል። ጋሪው ሲሞላ ለብቻዋ ትገፋዋለች ወይስ ሰው ያግዛታል? ቆሻሻ አንሶላ በከረጢት ስንት ጊዜ ትወስዳለች፣ እስከ የት? ከመታጠቢያ ቤቱ መስተዋት በላይ ለመድረስ ምን ላይ ትወጣለች? እዚህ ላይ ስንደርስ አብዛኛዎቹ ዝም ይላሉ፤ 17 ዓመት የሠሩትን በቁጥር ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነው። ቅጹ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ያለው ነው፤ ላውንድሪው ደግሞ በየትኞቹ ቀናት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ክብደት እንደሆነ ተለይቶ ይጻፋል። የሺፍት ምደባ የሚያሳይ ወረቀት ወይም በስልክዎ የቀረ መልእክት ካለ አይጣሉት፤ አብራዎት የሠራች ባልደረባ የምትጽፈው ቃልም ይጠቅማል።

ሁለተኛው መንገድ የሚያልፈው በሐኪምዎ እጅ ነው። ሐኪሞች ለሕመምተኛ ሲያዝኑ «መሥራት አትችልም፣ አካል ጉዳተኛ ናት» ብለው ይጽፋሉ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ከማርች 27፣ 2017 ወዲህ በቀረቡ ማመልከቻዎች ላይ ይህ ዓይነቱ አረፍተ ነገር ምንም ክብደት የለውም፤ አካል ጉዳተኛ ነች ማለት የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ እንጂ የሐኪሙ አይደለምና። የሚፈለገው አቅምዎ በየተግባሩ ተለይቶ ሲለካ ነው፦ ሳያርፉ ስንት ደቂቃ መቆም ይችላሉ፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ በድምሩስ? ምን ያህል ጊዜ ማጎንበስ፣ መንበርከክ፣ ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሣት ይችላሉ? በወር ስንት ቀን ሕመሙ ከቤት ያስቀራል? ከዚያም እያንዳንዱ ከምርመራው ጋር ይያያዛል፤ ኤም አር አዩ ምን አሳየ፣ ሲራመዱ ምን ታየ። ቀላል ሥራ ስድስት ሰዓት መቆምና መራመድ እንደሚጠይቅ ከላይ ተናግሬአለሁ። የሁለቱ ጉልበትዎ መበላት በድምሩ ከሁለት ሰዓት በላይ የማያስቆምዎት ከሆነና ይህ ተጽፎ ከተደገፈ፣ አቅምዎ ተቀምጦ ወደሚሠራው ይወርዳል፤ ያኔ የክፍል ጽዳቱን በመዝገቡ ቀላልነትም ቢሆን ልትሠራው ትችላለች የሚል አይኖርም፣ ሠንጠረዡም ለእርስዎ ይፈርዳል። አሁን በእጅዎ ያለው ወረቀት የሚናገረው ስለ ክብደት ብቻ ነው፤ ስለ መቆም የሚናገር ያስፈልግዎታል።

የመኪና ማቆሚያው ገንዘብ ተቀባይነት ቢያሳስብዎት አይፍሩት። ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ያለፉትን 15 ዓመታት ሥራ ይመረምር ስለነበር «ወደ ገንዘብ ተቀባይነትሽ ተመለሺ» ሊልዎት ይችል ነበር፤ ከጁን 22፣ 2024 ጀምሮ ግን የሚያየው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የተውት ሥራ ከቆጠራው ወጥቷል።

አሁን ደግሞ በቅጽ የማይገኝ፣ እኔ ግን በየመዝገቡ የማየው የእኛው ጉዳይ አለ። ሐኪሙ ሲገባ «እንዴት ነሽ?» ይላል። እኛ ደግሞ አጥንታችን እየነደደ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ ሌላ ማለት አማረረ ያሰኛላ። አስተርጓሚው «ደህና ናት» ብሎ ያስተላልፋል፤ ሐኪሙ «ሕመምተኛዋ ደህና ናት፣ አዲስ ቅሬታ የላትም» ብሎ ይጽፋል። ይህች መስመር ከስምንት ወር በኋላ በክልከላው ደብዳቤ ላይ ትወጣለች። አንዲት ደንበኛዬ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ «ደህና ናት» ተብሎ ተጽፎላት አግኝቻለሁ፤ ከሰባቱ በሦስቱ በዚያው ቀን ወገቧ ላይ መርፌ ተወግታለች። ምስጋናዎን አይተዉ፤ ነገር ግን አስከትለው የባሰብዎትን፣ መቼ እንደሚብስብዎት፣ ከባለፈው ቀጠሮ ወዲህ ምን ማድረግ እንደተሳነዎት ይናገሩ። «ቆረጠኝ» የምንለውም በቃል ሲተረጎም ትርጉም የለሽ ይሆናል፤ ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚወርድ በእጅዎ ያሳዩ፤ እግር ይደነዝዛል ወይስ ያቃጥላል፣ ይለዩት።

የዕለት ኑሮን የሚጠይቀው ቅጽም እንዲሁ ያታልላል። «ከቤት ውጭ የት ይሄዳሉ?» ሲል «እሑድ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ቢያቆሙ፣ ቅጹን የሚያነበው ሠራተኛ ስለ ቅዳሴ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ረጅም እንደሆነና ቆመው እንደሚያስቀድሱ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚያስቀድሱ፣ ወንጌል ሲነበብ በመቋሚያ ተደግፈው እንደሚነሡ፣ አንዳንድ እሑድ እንደሚቀሩ ይጻፉ፤ እውነቱ ይህ ከሆነ ማለቴ ነው። «ምግብ ያበስላሉ?» ለሚለው «አዎን» ብቻ አይበቃም፤ እንጀራ የሚጋግርልዎት ማን ነው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ማፍላት ከተዉ ስንት ጊዜዎ ነው? ማጋነን ግን አያስፈልግም። አጋንኖ የተገኘ ሰው እውነት የተናገረበትንም አያምኑትም፤ ከዚያም በላይ በሐሰት ክፍያ መውሰድ በሕግ ያስጠይቃል።

ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው እንዳይወስዱ። ሶሻል ሴኩሪቲ በነጻ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ በዳኛ ፊት በሚደረገው ችሎትም እንዲሁ። እናት በልጇ አንደበት መጸዳጃ ቤት ገብታ መነሣት እንደሚያቅታት አትናገርም።

በመጀመሪያ ማመልከቻ የሚከለከሉት ከሚፈቀድላቸው ይበዛሉ፤ እርስዎም ቢከለከሉ አዲስ ማመልከቻ እንዳይጀምሩ፤ ይግባኝ ይበሉ። ይግባኙ የሚቀርበው ደብዳቤው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው። መጀመሪያ እንደገና እንዲታይ፣ ከዚያም በአስተዳደር ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ በዚያ ችሎት ስለ ሥራዎች የሚመሰክር ባለሙያ ይቀመጣል፤ ጥምር ሥራ የሚለው ክርክር ጥርስ የሚያወጣው እሱን በመጠየቅ ነው። ለዚህ ወኪል ወይም ጠበቃ ቢይዙ ክፍያው የሚፈጸመው ካሸነፉ ብቻ፣ ከተጠራቀመው ውዝፍ 25 በመቶ ሲሆን፣ በተለመደው የውል ዓይነት ከኖቬምበር 30፣ 2024 ጀምሮ ከ9,200 ዶላር መብለጥ አይችልም። ቅጽ ልሙላልሽ ብሎ በቅድሚያ ጥሬ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው ይራቁ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሞላውን ቅጽ ለማረም የፈጀሁት ጊዜ አዲስ ለመሙላት ከሚወስደው ይበልጣል።

ሥራ ላይ ጉዳት ደርሶብኝ ከሆነ ከአሠሪው አልካስም ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በቨርጂኒያ ሕግ ቀስ በቀስ፣ በድግግሞሽ ብዛት የተበላ ወገብ እንደ ሥራ ላይ አደጋ አይቆጠርም፤ ይህን ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርዎትም። ነገር ግን «በዚያ ቀን ፍራሽ ሳነሣ ቀጭ አለብኝ» የሚሉት አንድ የታወቀ ቀን ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለአሠሪው በ30 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ ለግዛቱ የሠራተኞች ካሣ ኮሚሽን ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት ይጠበቃል። ሥራ ካቆሙ አራት ወር ስለሆነ ያን ጊዜ ለአለቃዎ ተናግረው፣ ሪፖርት ተጽፎ እንደሆነ ያስታውሱ። ካሣውም የአካል ጉዳት ክፍያውም ቢገኝ ሁለቱ በድምሩ ቀድሞ ያገኙት ከነበረው አማካይ ገቢ 80 በመቶ እንዳያልፉ ይቀነሳል።

የሥራ አጥ ክፍያን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። ያን ክፍያ ለማግኘት በየሳምንቱ «ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፣ እችላለሁም» ብለው ይፈርማሉ፤ ፊርማው በራሱ የአካል ጉዳት ጉዳይዎን አይዘጋም፤ ዳኛ ግን ይጠይቅዎታል። የሕክምና ወጪ ካሳሰበዎት ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ የመንግሥት የሕክምና መድን የሆነውን ሜዲኬይድን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጎልማሶች ስላሰፋች ዛሬውኑ ያመልክቱ፤ በአካል ጉዳት የሚገኘው ሌላው የመንግሥት የሕክምና መድን፣ ሜዲኬር፣ የሚጀምረው ክፍያው ከጀመረ ከ24 ወር በኋላ ነውና እስከዚያ ሕክምናዎ መቋረጥ የለበትም፤ ያልታከመ ሕመም በመዝገብ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል።

ለማመልከት አሁኑኑ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ይደውሉና «በአካል ጉዳት ማመልከት እፈልጋለሁ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ስጡኝ» ይበሉ፤ ማመልከቻውን በስድስት ወር ውስጥ ካጠናቀቁ የደወሉበት ቀን እንደ ማመልከቻ ቀን ሊያዝልዎት ይችላል። ክፍያ የሚጀምረው ጉዳቱ ጀመረ ከተባለበት ቀን አንሥቶ አምስት ሙሉ ወራት ካለፉ በኋላ ሲሆን፣ እርስዎ ሥራ ካቆሙ አራት ወር ስለሆነዎት አብዛኛው መቆያ አልፏል። በስልክ «መቼ ነው ያቆምሽው?» ሲሉዎት «በዚህ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ» አይበሉ፤ ከመጨረሻው የደመወዝ ወረቀትዎ ላይ ቀኑን አንብበው ይንገሯቸው፤ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲመልሱት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስበው ወር እንዳያዛንፉ።